ከፕላስቲክ ሞዴል ላይ የቆየ ቀለም ማንሳት፦ ፕላስቲኩን ሳይጎዱ የሚሠራበት መንገድ

«ድሮ የቀባሁትን አውሮፕላን ቀለም በምን ላንሳው?» «ሁለተኛ እጅ የገዛሁት ሞዴል ቀለሙ ወፍሮ ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸውን መስመር ሁሉ ደፍኖታል፤ በቲነር ልጠበው?» እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው ይመጣሉ። የሁለተኛው መልስ አጭር ነው፦ ቲነር አታስጠጉት። የመጀመሪያው ግን የሚመለሰው መጀመሪያ ሞዴሉ ላይ ያለው ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

የኤርፊክስ፣ የሬቭል፣ የታሚያ፣ የዝቬዝዳና የመሳሰሉት ሞዴሎች በአብዛኛው የሚሠሩት ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህን ፕላስቲክ አሴቶን፣ ቲነርና ቤንዚን ያሟሙታል። አልኮል፣ ኮስቲክ ሶዳና በረኪና ግን አያሟሙትም። ስለዚህ የምንፈልገው ኃይለኛ ፈሳሽ ሳይሆን ቀለሙ የማይችለውን፣ ፕላስቲኩ ግን የሚችለውን ፈሳሽ ነው። ጊዜ ስጡትና ቀለሙ ራሱ ይለቃል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ጥብቅ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ። ከሥሩ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 ቁጥር ያለበትን ምረጡ። 6 ቁጥር ካለው ራሱ ፖሊስታይሪን ነው፤ ተዉት።
- ሁለት ለስላሳ የጥርስ ብሩሾች፤ አንዱ የልጆች ቢሆን ይመረጣል
- የጥርስ እንጨትና የጆሮ ማጽጃ ጥጥ
- ጥቅጥቅ ያለ ማጥለያ ወይም ወንፊት
- ክርን ድረስ የሚደርስ የጎማ ጓንት፤ ለአልኮልና ለፍሬን ዘይት ሰማያዊው የናይትራይል ጓንት
- ጎን የሚሸፍን የዓይን መከላከያ መነጽር
- የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና
- 1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ
- ብርጭቆ ወረቀት፣ 1000 እና 2000 ቁጥር
- ከሚከተሉት ፈሳሾች ለቀለሙ የሚስማማው አንዱ፦ አልኮል፣ ኮስቲክ ሶዳ ወይም የምድጃ ማጽጃ አረፋ፣ ቡናማው ዴቶል፣ የፍሬን ዘይት

በ72ኛ ልኬት (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ) ለተሠራ ተዋጊ አውሮፕላን ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ይበቃል። በ24ኛ ልኬት ለተሠራ መኪና 1 ሊትር ተኩል ያዙ። ፈሳሹ ክፍሎቹን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። ግማሹ ውጭ ከቀረ በፈሳሹ ጠርዝ ላይ መስመር ይቀራል፤ ያን መስመር ማጥፋት ቀለሙን ከማንሳት ይብሳል።

ሳትጀምሩ ይህን አንብቡ

በረኪናን ከአልኮል፣ ከኮምጣጤ፣ ከአሞኒያ ወይም አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር በፍጹም አታገናኙ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ ክፍሎቹንም፣ ዕቃውንም፣ ብሩሹንም በብዙ ውሃ አጥቡ።

ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ሲበጠበጥ ምንጊዜም ሶዳው ነው ወደ ውሃው የሚጨመረው። ውሃውን በሶዳው ላይ ካፈሰሳችሁት በቅጽበት ይግላል፣ ይፈናጠራል። ቆዳ ላይ ካረፈ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ እንዲሁ እያጠባችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ። ኮምጣጤ ቆዳ ላይ አታፍስሱ።

አልኮል በክፍል ሙቀት ይተናል፤ ትነቱም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ከሰል በተያያዘበት፣ እጣን በሚጨስበት ወይም ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ዕቃውን አትክፈቱ። ሥራው በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ከፍቶ ነው።

የቆዩ የኢናሜል (ከዘይት የተሠሩ) ቀለሞች፣ በተለይ ቢጫና ቀይ፣ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። ስለዚህ የቆየን ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። በፈሳሽ ስታነሱት ግን አቧራ የለም።

1. ሞዴሉን ፎቶ አንሱና የሚፈታውን ፍቱ

ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ቀለሙ ሲለቅ ትንንሽ ክፍሎች አብረው ይወልቃሉ፤ የት እንደነበሩ የሚነግራችሁ ፎቶው ብቻ ነው።

ከዚያ መስታወቶቹን፣ የጎማ ጎማዎችን፣ የብረት ክፍሎችንና በቀላሉ የሚወልቀውን ሁሉ ለዩ። በሱፐር ግሉ የተያያዘ ነገር ካለ ሞዴሉን በፌስታል ጠቅልላችሁ ለ1 ወይም 2 ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ስለሚሆን በጣት ቀስ ብላችሁ ስታጣምሙት ይለያል። ፕላስቲኩም በብርድ ይደርቃልና አታስገድዱት። በነጭ ኮላ የተለጠፈ መስታወት ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ሲዘፈዘፍ ይለቃል። በሞዴል ማጣበቂያ የተያያዘው ግን ሁለቱ ፕላስቲኮች ቀልጠው አንድ ስለሆኑ አይለይም። ለመለየት ብትሞክሩ የሚሰበረው መጋጠሚያው ሳይሆን ክንፉ ነው።

የአሉሚኒየም ክፍሎችን፣ ለምሳሌ ተገዝተው የተጨመሩ የመድፍ አፈሙዞችን፣ ሳታወጡ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ አትክተቱ። ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል። ነሐስ የሆኑት ስስ ክፍሎች ይተርፋሉ፤ የያዛቸው ሙጫ ግን ላይተርፍ ይችላል።

2. ዝግ የሆነውን አካል ብሱት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። የአውሮፕላኑ ገላና ክንፍ ውስጣቸው ባዶ ነው። ፈሳሹ በመጋጠሚያው ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ሞዴሉን አድርቃችሁ፣ አዲስ ቀለም ቀብታችሁ ከጨረሳችሁ ከቀናት በኋላ ያ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለ በመጋጠሚያው ይወጣና አዲሱን ቀለም ከሥር ያነሳዋል።

መፍትሔው 1 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው፤ አንዱ ፈሳሽ ሲያወጣ ሌላው አየር ያስገባል። ጎማው በሚታጠፍበት ጉድጓድ ውስጥ ወይም ከታች በማይታይ ቦታ ብሱ። ሲያበቃ በጠብታ ስቱኮ (የቀዳዳ መሙያ) ይደፈናሉ።

3. በሳሙና እጠቡ

ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ። የጣት ቅባትና አቧራ ፈሳሹ ወደ ቀለሙ እንዳይደርስ ይከለክላሉ። ካልታጠበ አንዱ ቦታ ሲለቅ ሌላው ይቀራል። ውሃው ከ50 ዲግሪ አይለፍ። ፖሊስታይሪን በደንብ የሚለሰልሰው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ቢሆንም ስስ የሆኑት የክንፍ ጫፎችና የጎማ እግሮች ከዚያ በፊት ይጣመማሉ።

4. ቀለሙን ለዩ

የማይታይ ቦታ ምረጡ፤ የገላው ሆድ ወይም የክንፉ ውስጠኛ ክፍል ይሆናል። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል አርሱና ሳትጫኑ ለ1 ደቂቃ እያዞራችሁ አሹ።

ጥጡ ወዲያው ቀለም ከያዘ አክሪሊክ ነው። የታሚያ ኤክስና ኤክስኤፍ ቀለሞች እንዲህ ናቸው፤ አልኮል እንደነካቸው ይሟሟሉ። የቫሌሆ ዓይነት ውሃማ አክሪሊክ ግን አይሟሟም፤ ይለሰልስና እንደ ቆዳ እየተላጠ ይነሳል።

ጥጡ ንጹሕ ከሆነ ወይም ብዙ ከታሸ በኋላ ትንሽ ብቻ ከያዘ ምናልባት ኢናሜል ነው፤ ግንበኞች ዘይት ቀለም የሚሉት ቤተሰብ። በትንሽ ቆርቆሮ የሚመጣው ሃምብሮልና የቆዩት የቴስተርስ ጠርሙሶች ከዚህ ናቸው። የቆየ ሞዴል ከሆነ መጀመሪያ ኢናሜልን ጠርጥሩ።

ጥጡ ላይ ቀለሙ ተጣብቆ እየተጎተተ ከመጣ፣ በተለይ አልኮሉ ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ላከር ሊሆን ይችላል። የሚስተር ከለር ጠርሙሶችና ብዙዎቹ የታሚያ የሚረጩ ቆርቆሮዎች ላከር ናቸው።

ሁለት ንጥረ ነገር ተደባልቆ የሚጠነክር የመኪና ቫርኒሽ የተረጨባቸው የመኪና ሞዴሎች አሉ። ያንን ከዚህ በታች ካሉት ፈሳሾች አንዱም በአግባቡ አያነሳውም። በውሃ ብርጭቆ ወረቀት አሳስቶ በላዩ መቀባት ይሻላል።

አንድ ሞዴል ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት ቀለም ተደራርቦ ሊገኝ ይችላል፤ ከሥር ላከር፣ ከላይ አክሪሊክ። ሲሆንም ከላይ ጀምራችሁ በየተራ ነው የምታነሱት።

5. ፈሳሹን አዘጋጁ

*አልኮል፦ ለአክሪሊክ፣ በዝግታ ደግሞ ለላከር።* አገር ቤት መድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 በመቶ አልኮል ለአክሪሊክ ይሠራል። 30 በመቶው ውሃ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፦ ለታሚያ ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ ለቫሌሆ አንድ ሌሊት። አሜሪካ ያላችሁ ከመድኃኒት መደብር 91 ወይም 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ታገኛላችሁ፤ ጊዜውን በግማሽና ከዚያ በላይ ያሳጥረዋል፣ ላከርንም ከአንድ ሌሊት በኋላ ብዙ ጊዜ ያስለቅቃል። አልኮል ሲያዙ የመጀመሪያ ምርጫችሁ ይሁን፤ ለፕላስቲኩ የዋህ ነው፣ በውሃም ይታጠባል።

*ኮስቲክ ሶዳ፦ ለኢናሜል።* ሳሙና ሠሪዎች የሚያውቁት ነገር እዚህም ይሠራል። ሶዳ ዘይትን ወደ ሳሙና ይለውጣል፤ ኢናሜልም ከዘይት የተሠራ ነው። በሶዳ ሲዘፈዘፍ ቀለሙን ይዞ ያቆየው ዘይት ሳሙና ይሆንና ቀለሙ መያዣ ያጣል። ፖሊስታይሪን ውስጥ ግን ሳሙና የሚሆን ዘይት ስለሌለ ሶዳው አይነካውም። ቀለሙ ለብዙ ዓመት ቢደርቅም ኢናሜልን በዚህ መንገድ ማንሳት የሚቻለው ለዚህ ነው።

1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጉ። 30 ግራም ኮስቲክ ሶዳ መዝኑና ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ማንኪያ አማስሉ። ይሞቃል፤ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና ከዚያ ሞዴሉን ክተቱ። የአሉሚኒየም ድስት ወይም ሳፋ አትጠቀሙ፤ ሶዳው ዕቃውን እየበላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

መበጥበጡን ካልፈለጋችሁ የምድጃ ማጽጃ አረፋ ያው ሥራ ይሠራል። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (የኮስቲክ ሶዳ ሌላ ስሙ) የሚል መኖር አለበት። ሽታ የለውም ተብለው የሚሸጡት አንዳንዶቹ ሶዳ የላቸውም፣ ኢናሜል ላይም ደካማ ናቸው። ሞዴሉን በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ አድርጉ፣ ከቤት ውጭ ሆናችሁ አረፋውን እስኪሸፈን ርጩበት፣ አየሩን አስወጥታችሁ ዝጉት። ፌስታሉ የሚዘጋው አረፋው እንዳይደርቅ ነው፤ የደረቀ አረፋ ሥራውን ያቆማል።

*ዴቶል፦ አልኮል በበቂ ሲታጣ።* ቡናማው ዴቶል ሳይበረዝ አክሪሊክንና ብዙ ኢናሜልን ያስለቅቃል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት። ሞዴሉን ከዴቶል አውጥታችሁ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ከከተታችሁት ግን ፈሳሹ ይነጣል፣ የለቀቀው ቀለምም ሬንጅ የመሰለ የሚያጣብቅ ነገር ሆኖ መስመሩ ውስጥ ይገባል። ያን ማውጣት አዲስ ሥራ ነው። ስለዚህ ቡረሻው እዚያው ዴቶሉ ውስጥ ያልቃል። ከዚያ በሌላ ዕቃ ባለ ንጹሕ ዴቶል ወይም አልኮል ይለቀለቃል፣ ውሃና ሳሙና የሚመጡት በመጨረሻ ነው። ድመት ካላችሁ ዕቃውን እንዳትደርስበት አድርጉ፤ ዴቶል ለድመት መርዝ ነው።

*የፍሬን ዘይት፦ ለግትር ላከር፣ የመጨረሻ ምርጫ።* ዶት 3 ወይም ዶት 4 ይሁን። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ቀለም አያነሳም፣ ይልቁንም ፕላስቲኩ ላይ አዲስ ቀለም የማያስይዝ ቅባት ይተዋል። የፍሬን ዘይት ላከርን በደንብ ያስለቅቃል፤ ብዙ ከቆየ ግን ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ስስ ክፍሎችም እንደ ብስኩት ይሰባበራሉ። በየ2 ሰዓቱ ተመልከቱት፣ ከ24 ሰዓት አታሳልፉት። መኪና፣ የተቀባ በር ወይም የጠረጴዛ ቫርኒሽ ላይ ከጠበጠበ ያንንም ቀለም ያነሳዋል።

6. ትንሽ ክፍል ሞክሩ

ሞዴሉን በሙሉ ከመክተታችሁ በፊት የማያስፈልጋችሁን አንድ ክፍል፣ ካልተገኘ ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበትን የፕላስቲክ ፍሬም ቁራጭ፣ ለመዘፍዘፍ ያሰባችሁትን ያህል ጊዜ በፈሳሹ ውስጥ አቆዩት። አውጡና በጥፍር ተጫኑት። ለስልሶ ከሆነ፣ ካጣበቀ ወይም ሲታጠፍ ያለ ወትሮው ቶሎ ከተሰበረ ያን ፈሳሽ ተዉት። የባንዳይ ሮቦት ሞዴሎች ውስጥ አንዳንዱ ክፍል ፖሊስታይሪን ሳይሆን ኤቢኤስ የሚባል ሌላ ፕላስቲክ ነው፤ በጥብቅ እንደተጋጠመ አልኮል ውስጥ ከገባ መገጣጠሚያው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። እነዚህን ፈታታችሁ ብቻ ዘፍዝፉ።

7. ዘፍዝፉ

ክፍሎቹን አጠንክራችሁ አትደርድሩ፤ ፈሳሹ በመካከላቸው መዞር አለበት። ትንንሾቹን በተቀደደ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ ቋጥሩ። ክዳኑን ዝጉ፣ ላዩ ላይ የፈሳሹን ስምና የገባበትን ሰዓት ጻፉ፣ ሕፃን ከማይደርስበት አስቀምጡ።

የመጀመሪያው ፍተሻ ለአልኮል ከ30 ደቂቃ በኋላ ነው፣ ለሶዳ ከ4 ሰዓት በኋላ። ሶዳ ብርድ ሲሆን ይዘገያል፤ በ25 ዲግሪ አንድ ሌሊት የሚበቃው ሥራ በቀዝቃዛ ክፍል ሁለት ሌሊት ሊፈልግ ይችላል። ዕቃውን እሳት ላይ በመጣድ ለማፋጠን አትሞክሩ።

ቀለሙ መድረሱን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ፦ ይጨማደዳል፣ ጠርዙ ላይ ይነሳል፣ ወይም በጥርስ እንጨት ሲገፋ ያለ ኃይል ይንሸራተታል። እንጨቱ መግፋት ካቃተው ብሩሽም አይችልም፤ መልሳችሁ ዝጉት።

8. ቦርሹ

ጓንትና መነጽር አድርጉ። ብሩሹ ሲመለስ የሚረጨው ጠብታ ነው ዓይን ውስጥ የሚገባው። ከሥር ወንፊት አስቀምጡ፤ የፍሳሽ ቱቦ የወሰደው አንቴና አይመለስም።

ብሩሹን በፈሳሹ እያረሳችሁ በትንሽ በትንሽ ክብ አሹ፣ በኋላ በመገጣጠሚያ መስመሮቹ አቅጣጫ ጥረጉ። መስመር ውስጥ የቀረውን በተሳለ የጥርስ እንጨት አውጡ። መርፌና ምላጭ መስመሩን ያሰፋሉ፤ የሽቦ ብሩሽ ደግሞ የሪቬቶቹን ራስ ይልጣል። ቀጫጭኑን እግርና አንቴና ስትቦርሹ ከሥሩ በጣት ደግፉት።

መጀመሪያ ላይ ከሰባ እስከ ሰማንያ በመቶው ይለቃል። የቀረውን ለማስለቀቅ ጉልበት አትጨምሩ፤ መልሳችሁ ዘፍዝፉት። ሁለት ወይም ሦስት ዙር የተለመደ ነው። ፈሳሹ እንደ ጭቃ ከወፈረ በአዲስ ተኩት፤ የለቀቀው ቀለም መልሶ ፕላስቲኩ ላይ ይለጠፋል።

9. አለቅልቁ

በሚወርድ ለብ ያለ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ። ከሶዳ በኋላ ሦስተኛ ጨምሩ፦ 1 እጅ ኮምጣጤ በ10 እጅ ውሃ በርዛችሁ ክፍሎቹን 5 ደቂቃ አቆዩና እንደገና በንጹሕ ውሃ አጥቡ። ሶዳ ፕላስቲኩን ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ያደርገዋል። አሁንም የሚያንሸራትት ከሆነ ሶዳው አልወጣም፤ ድገሙት። ከፍሬን ዘይት በኋላ ደግሞ ሳሙናው አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ነው የሚታጠበው፤ ቅባት ካለ አረፋ አይሠራም።

የቀዳዳዎቹን ነገር አትርሱ። ሞዴሉን ውሃ ሙሉ፣ ነቅንቁ፣ አፍስሱ፤ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስኪሆን።

10. አድርቁና መርምሩ

አፍንጫውን ወደ ታች፣ ከዚያ ጅራቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ቢያንስ 24 ሰዓት አቆዩ። ውስጡ ባዶ የሆነ ሞዴል 48 ይሰጠው። የፀጉር ማድረቂያ ሙቅ አየር አይነካው።

ሲደርቅ ከጎን በሚመጣ መብራት አዩት። ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው የቀረ ቀለም ነው፤ በጥፍር ሲጫር ይነሳል፣ ወደ ደረጃ 7 ይመለሳል። ሁለተኛው ፕላስቲኩ ውስጥ የገባ ጥላ ነው፤ በተለይ ቀይ ቀለም ነጭ ፕላስቲክን ሮዝ ያደርገዋል፣ ሲጫር ግን ምንም አይነሳም። ይህ ጉዳት አይደለም፣ ውፍረትም የለውም፣ በፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚረጨው የመጀመሪያ ሽፋን) ይሸፈናል። ይህን ጥላ ለማጥፋት ሲባል ብቻ ለቀናት የሚዘፈዘፍ ሞዴል ያለጥቅም ይጎዳል።

በሟሟ የሚሠራ የሞዴል ስቱኮ የነበረበት ቦታ ይለሰልሳል ወይም ይነሳል፤ ጠርጋችሁ አዲስ ሙሉበት። የተነቀሉትን በፎቶው መሠረት መልሱ። ላዩን በ1000፣ ቀጥሎ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሳሱ፣ እንደገና እጠቡ፣ ስስ ፕራይመር ርጩ። ፕራይመሩ ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ ቀዳዳ ከታየ ቅባት ቀርቷል፤ ሳይደርቅ በአልኮል ጥረጉትና ከደረጃ 9 ጀምሩ።

ክሮም የተለበጡ ክፍሎች

የመኪና ሞዴል መከላከያና የጎማ ቸርኬ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ቀለም ሳይሆን እጅግ ስስ አሉሚኒየም ነው። ለልብስ የሚሸጠው በረኪና ሳይበረዝ ያነሳዋል፤ አንዳንዱ በ10 ደቂቃ፣ አንዳንዱ በጥቂት ሰዓት። ክሮሙ ከሄደ በኋላ ከሥሩ ግልጽ ወይም ቢጫማ ቫርኒሽ ይቀራል። ካልተነሳ የቅርጽ ዝርዝሩን ይሸፍናል። በረኪናውን በብዙ ውሃ አጥባችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ብቻ ያን ቫርኒሽ በአልኮል ወይም በሶዳ አንሱት። ሶዳ ክሮሙንም ጭምር ስለሚያነሳ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ መጨረስ ይችላል።

መስታወቶች

የአብራሪው መስታወት ግልጽ ፖሊስታይሪን ነው፤ ከሌላው ክፍል ይልቅ ተሰባሪ ነው። ፍሬሙ ላይ ያለው ቀለም አክሪሊክ ከሆነ አሞኒያ ባለበት የመስታወት ማጽጃ በተነከረ ጥጥ ጥረጉ፣ አትዘፍዝፉ። ኢናሜል ከሆነ ሶዳው ውስጥ ለ1 ወይም 2 ሰዓት ይግባ። ጠንካራ አልኮልና የፍሬን ዘይት አይንኩት፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ ያን የሚመልስ ነገር የለም። የቀረ ጭረት በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- «አሴቶን የሌለበት» የጥፍር ቀለም ማጽጃ መጠቀም። አሴቶን ባይኖረውም በምትኩ የሚገባው ፈሳሽ ፖሊስታይሪንን ያሟሟል።
- በአኳራጅ ወይም በነጭ ጋዝ መዘፍዘፍ። የደረቀ ኢናሜልን አያነሱም፤ የተጋጠመ ፕላስቲክን ግን ሊሰነጥቁ ይችላሉ።
- ቤንዚን። ቀለሙም ፕላስቲኩም አብረው ይሄዳሉ፣ ለእሳትም ያጋልጣል።
- ኢናሜል አልለቅ ሲል የአልኮሉን ጊዜ ወደ ሳምንት ማስረዘም። የሚረዝመው ጊዜ አይደለም፣ የሚለወጠው ፈሳሹ ነው።
- አልኮልን በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥ መሙላት። ማሽኑ ያሞቀዋል፣ ትነቱ ይቀጣጠላል። በማሽኑ ውስጥ ውሃና ሳሙና ብቻ ይግባ።
- ያለፈውን ፈሳሽ ሳያጥቡ በአዲስ ፈሳሽ መቀጠል።

ያገለገለ አልኮል ቀለሙ ሲዘቅጥ ላዩ ተጠልሎ ለሌላ ሞዴል ይቀመጣል። ኮስቲክ ሶዳና በረኪና ለየብቻቸው፣ በተለያየ ቀን፣ በብዙ ውሃ ተበርዘው በመጸዳጃ ይፈሳሉ። ከሥር የዘቀጠው የቀለም ጭቃ ግን አይፈስም፤ በጋዜጣ ላይ ደርቆ ተጠቅልሎ ይጣላል። የፍሬን ዘይት በጠርሙስ ታሽጎ የተቃጠለ ዘይት ለሚቀበል ጋራዥ ይሰጣል።